አንዲት ሪሌ ይዘን ሐይቁን የተሻገርንበት ቀን

ባለቤቴ ማርቆስ ካረፈ ጀምሮ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ስለ መጨረሻው ቀን ይጠይቁኛል። ስለዚያ ቀን መናገር አልችልም፤ ገና ነው። መናገር የምችለው ስለ ሌላ ቀን ነው። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየጻፍኩ እዚህ አድርሼዋለሁ። እጄ ሲደክም አቆማለሁ፤ ዓይኔ ሲሞላም አቆማለሁ። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ ቀስ ቢልባችሁ ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ አገር በሚመራበት ዘመን፣ ሞባይል ስልክ ወደ ሁምቦ ቆላ ገና በመግባት ላይ ሳለ ነው። እኔና ማርቆስ ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ቤት ነበረችን። እሱ ይጠግናል። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ መለዋወጫ አፈላልጋለሁ፣ እሱ መኪና ሥር ገብቶ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ ደግሞ የሚፈልገውን መሣሪያ መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ። ካቻቢቴ ይሁን ፒንሳ ሳይናገር አውቅለት ነበር። ማርቆስ ሲሠራ የማውራት ልማድ ነበረው። ለእኔ ይሁን ለመኪናው እንጃ፣ ብቻ ያወራል። «ይቺ ሽቦ ምንም አላጠፋችም፤ ጥፋቱ ከወዲህ ነው» ይላል። «አይዞሽ፣ አሁን ትተነፍሻለሽ» ይላል፤ መኪናዋን ነው። እኔም እየሳቅሁ እሰማዋለሁ። እየተማርኩ መሆኔን ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ጆጉ ከእጁ ወደቀ። ዞር ስል የቀኝ ፊቱ ወደ ታች ወርዷል። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ከአማርኛው ወላይትኛው ይሻለው ነበር። እሱንም ቢሆን ከእኔ በቀር የሚረዳለት አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች አልተዉንም፤ እየመጡ ይጸልያሉ፣ ያጽናናሉ። ግን ሁሉም እሱ ፊት ተቀምጠው እኔን ነው የሚጠይቁኝ። «ማርቆስ እንዴት አደረ? እህል ይቀምሳል? ይተኛል?» እሱ ግድግዳውን ያያል። ጎረቤት፣ ደንበኛ፣ ዘመድ ሁሉ እንዲሁ። በክፉ አይደለም፤ መልሱን ስለማይረዱት ነው። ቀስ በቀስ እሱም የምትወጣለትን ጥቂት ቃል ማውጣት ተወ። ምግብ ስሰጠው ይበላል፤ ካልሰጠሁት አይጠይቅም። ጋራዡ ተቆልፎ ከረመ። በመጨረሻ ከአረካ አንድ ነጋዴ መሣሪያዎቹን ሊገዛ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ነጋዴው የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ እያንዳንዱን እያነሣ ያገላብጣል። ማርቆስ በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ከዘራው ጉልበቱ ላይ ነው። ወደ ነጋዴው አያይም። እኔም እሱን ላለማየት መሬት መሬቱን አያለሁ። በዚህ መሐል ዓሣ የምታመላልስ ፒክአፕ መጥታ በራችን ላይ ቆመች፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ዘሎ ወረደ። የአባያው ጀልባ ነጂ ባሳ ነው። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ባለ ሞተር ጀልባ ሲያገኝ ሽቦዋን የዘረጋላቸው ማርቆስ ነበር።

«ሳሮ፣ ሳሮ!» አለ በወላይትኛ ሰላም እያለን። «እህት አልማዝ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ሞተሯ እምቢ ብላለች!»

«ቆይ ባሳ፣ ተንፍስ። ምን ሆነች?»

«ተነሥታ ቀረች። ፕሮፔለሯ አየር ላይ ናት፣ ወደ ውኃ አልወርድም አለች። ውኃ ካልነካች ምን ትገፋለች? ማዶ ደግሞ ማርታ የምትባል ልጅ ሌሊት ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወጣም። ደም እየፈሰሳት ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥታ ነው የደወለችልን። መንገዱን ወንዙ ቆርጦታል፤ አምቡላንስ እኛ ጋ ዳር ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ የሚያሻግራት ግን የለም። ከእኛ ሌላ ባለ ሞተር የለ። በእንጨት ታንኳ እንዳናመጣት አዞው አለ፣ ነፋሱ አለ። እዚህ ከተማ ያሉትን ጠየቅሁ፤ የጀልባ አናውቅም አሉኝ። ምን ይሻላል እህቴ? ጋሽ ማርቆስ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ…»

ይህን ሁሉ ሲል ማርቆስ ከጎኑ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል።

የከዘራው ጫፍ ወለሉን ሲመታ ሁላችንም ደነገጥን። ማርቆስ አንድ ነገር ተናገረ። ባሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?»

«ድምፅ አላት ወይ ይልሃል።»

«የምን ድምፅ?»

«ዝቅ ማድረጊያውን ስትጫነው ጠቅ ትላለች ወይስ ጭራሽ ዝም?»

«ዝም! ከፍ ማድረጊያውን ስጫን ግን ጠቅ ትላለች።»

ማርቆስ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። የፊቱ ግማሽ ብቻ ነው የሳቀው፤ እሱም በቃኝ። ከዚያ አንዲት ቃል አወጣ፤ ይቺን ሁሉም ሰው ሰማት።

«ሪሌ።»

ከነጋዴው እጅ ካቻቢቴውን ተቀበልኩትና ሣጥኑን ዘጋሁት።

«ዕቃውስ?» አለኝ።

«ከሰዓት ተመለስ» አልኩት።

ማርቆስን ደግፈን ጋቢና አስገባነው። እኔ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ባሳ ከኋላ ከባዶ የዓሣ ሣጥኖች ጋር ተሳፈረ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ማርቆስን በስስት ያየዋል። «እህት አልማዝ፣ ምነው ጋሼን እንዲህ ታንገላቺዋለሽ? ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቁስ?» አለኝ።

ማርቆስ ግራ እጁን አንሥቶ የፊት መስታወቱን አመለከተ። «ንዳ!» አለ።

ሾፌሩ ማርሽ ቀይሮ ነዳጁን ረገጠ።

ተበላ ከተማን አልፈን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ዳር ስንደርስ ሰው ግራሮቹ ሥር ተሰብስቧል። አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። የአባያ ውኃ እንደ ወትሮው ቀይ ቡና መስሎ ተኝቷል። ማዶው ይታያል፤ ሰው ግን እንደ ጉንዳን ነው። ጀልባዋ ግማሽ አካሏ ጭቃው ላይ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ አንገቱን አቅንቶ እንደ ተቆጣ ዝይ ቀርቷል።

ማርቆስን በዓሣ ሣጥን ላይ ከሞተሩ አጠገብ አስቀመጥነው። የሞተሩን ክዳን አነሣሁ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። እኔም ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው። ወደ ባትሪው አመለከተና ተናገረ።

«ይቺ ባትሪ የት ነበረች ይላችኋል» አልኩ።

ባሳ ጫማውን አየ። አንድ ረዘም ያለ ሰው ከግራሩ ሥር ቀስ ብሎ ራቅ ማለት ጀመረ፤ የመዘምራኑ መሪ ኢያሱ ነው።

«ትናንት እሑድ አልነበር…» አለ ባሳ።

ነገሩ ገባኝ። እዚያ መንደር መብራት የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪዋ ከጀልባ ተነቅላ፣ ሁለት ሰው ተሸክሟት ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እሑድ ድምፅ ማጉያውንና ኪቦርዱን ስታሠራ ትውላለች። ሰኞ ጠዋት ወደ ጀልባዋ ትመለሳለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የማኅበሩ ሰዎችና ምእመናኑ እነዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

«ኢያሱ፣ ና እንጂ! አንተ አይደለህ የገጠምከው?» አለ ባሳ።

ኢያሱ ተመልሶ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። «ማርታ እንዲህ ሆናለች ሲሉኝ ቸኮልኩ። ሁለቱም ገመድ ፀሐይ አንጥቶት አንድ መልክ ሆኗል፤ ፖዘቲቩን ከነጌቲቩ አለዋወጥኩት። ዝቅ ማድረጊያውን ስጫን ጭስ ወጣ። ወዲያው ነቅዬ አስተካከልኩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝቅ ማድረጊያው ዝም አለ።»

«ፊውዙ ለምን አላዳነውም?» አልኩ።

«ፊውዙ ድሮ ነው የተቃጠለው» አለ ባሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሽቦ ነው ያገናኘሁት።»

ማርቆስ ኢያሱን አየው። አንድ ነገር አለ። ኢያሱ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለኝ?»

«መዝሙሩ ጥሩ ነበር ወይ ይልሃል።»

በዚያ ጭንቀት መሐል ሰው ሳቀ። ኢያሱም ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዎች ጥያቄያቸውን ወደ ማርቆስ ማዞር ጀመሩ፤ መልሱን ብቻ ከእኔ ይጠብቃሉ።

«መጀመሪያ ምን?» አለኝ ማርቆስ፤ ለእኔ ይሰማኛል።

«ባትሪውን መንቀል። ከነጌቲቩ መጀመር።»

ራሱን ነቀነቀ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሪሌ ማለት ከክብሪት ሣጥን የምታንስ ጥቁር ነገር ናት፤ ከሥሯ አምስት እግሮች አሏት፣ መቀመጫዋ ላይ ትሰካለች። ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይደርሳታል፤ ያኔ ውስጧ ጠቅ ብሎ ለትልቁ ኤሌክትሪክ በር ትከፍታለች። የዚህ ዓይነት ሞተር ከውኃ ሲወጣና ሲገባ የሚታዘዘው በሁለት ሪሌ ነው። አንዷ ከፍ፣ ሌላዋ ዝቅ ታደርጋለች። በመልክም በሥራም መንታ ናቸው።

«አቀያይሪያቸው» አለኝ።

ሁለቱንም ነቅዬ ቦታ አለዋወጥኳቸው። ባትሪውን ገጠምኩ። ዝቅ ማድረጊያውን ተጫንኩ።

ጠቅ።

ሞተሩ እያጉረመረመ አንገቱን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሳ ጀልባዋን ለመግፋት ትከሻውን አስጠጋ። ማርቆስ ግን ግራ እጁን አንሥቶ አስቆመን።

«ከፍ» አለ።

ከፍ ማድረጊያውን ተጫንኩ። ዝም። የታመመችው ሪሌ አሁን ከፍ በምታደርገው ቦታ ላይ ናት።

«ምን ችግር አለው?» አለ ባሳ። «ዝቅ ካለች ይበቃናል! ማርታ ደሟ እየፈሰሰ ነው ጋሼ!»

የመለሰለት ኢያሱ ነው። «ማዶው ጭቃ ነው ባሳ። ዳር ስንደርስ ካላነሣናት ትተከላለች። ሞተሯን በእጅ ለማንሣት የሚላላው ብሎን ደግሞ አንተው በመሮ ፈልጠኸው ጭንቅላት የለውም። እዚያ ተተክለን ብንቀር ማን ያወጣናል?»

ሾፌሩ ሮጦ ሄዶ ከፒክአፑ አንድ ሪሌ ነቅሎ አመጣ። «ይኸው የኔዋ፣ እሷም ባለ አምስት እግር ናት!» አለ። ደስ አለን። ሰካናት፤ ዝም አለች። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በምትበራው የመፈተሻ አምፖላችን እያንዳንዱን እግር ነካካሁ። እግሯ ልክ ነው፤ የመካከለኛዋ እግር ሥራ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለሾፌሩ መለስንለት። የተቃጠለችውን ክዳኗን አንሥተን ስናያት በውስጧ ያለው የሽቦ ጥቅል ከሰል ሆኗል፤ የምትድን አይደለችም። ሆኖም የቀሩት እግሮቿ ለሌላዋ መስመሩን ስለሚያገናኙ ቦታዋ ላይ መሰካቷ ግድ ነው።

እንግዲህ ያለችን ጤነኛ ሪሌ አንዲት ናት። ዝቅ ሲፈለግ እዚህ፣ ከፍ ሲፈለግ እዚያ እየተሰካች መሥራት አለባት፤ በጀልባው ላይ፣ በውኃ መሐል።

ማርቆስ ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ።

«አንቺ ሂጂ።»

ይህንንም ሁሉም ሰው ሰማው።

እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ። ዳሞታ ተራራ ሥር ተወልጄ አድጌ ውኃ የማውቀው በባልዲ ነው። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አዞና ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ቀርቶ ወንዝ ስሻገር ልቤ ይጠፋል።

«ለኢያሱ ላሳየው፣ እሱ ያድርገው» አልኩት።

አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ኢያሱ ረጅሙን እንጨት ይዞ ጭቃውን መግፋት አለበት፤ ባሳ መሪውን አይለቅም። ደግሞም ያቺ ሪሌ ካልለመደ እጅ አምልጣ ውኃ ከገባች ሌላ የለችም። ይህን ሁሉ መናገር አልቻለም፤ ግን ከዓይኑ አነበብኩት። የሚናገረውን ቃል ቀስ ብሎ ፈለገው።

«ታውቂያለሽ» አለኝ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ፒንሳውን ይዤ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ።

ስንሄድ ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። ባሳ ግን ሰማዩን ደጋግሞ ያያል፤ «ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል» ይላል። እኔ ሞተሩ ሥር ተቀምጬ የጀልባዋን ጠርዝ የሙጥኝ ብዬ ይዣለሁ። ማዶው ሲቀርብ ባሳ ሞተሩን አጠፋና «ከፍ!» አለኝ። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ሪሌዎቹን አለዋወጥኩ፣ ባትሪውን ገጠምኩ፣ ተጫንኩ። ጠቅ አለች፤ ፕሮፔለሩ ጭቃ እያንጠባጠበ ወጣ። ኢያሱ በእንጨቱ እየገፋ አስጠጋን።

ማርታን በቃሬዛ ይዘው ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው እየገቡ መጡ። እንዲህ ልጅ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። ከንፈሯ ነጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ወይንሸት ሆዷን እያሸች ከጎኗ ትሄዳለች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃና ደም ነው። አማቷ ሕፃኑን ታቅፈው ዳር ቀሩ። ከቃሬዛው ወደ ጀልባዋ ስናስገባት እኔም አብሬ ደገፍኩ፤ እጄም ጭቃ ሆነ።

ኢያሱ ገፍቶ ወደ ጥልቁ አወጣን። ያኔ ነው ነፋሱ የጀመረው። መጀመሪያ ውኃው ተሸበሸበ፤ ከዚያ ጀልባዋን በጎኗ መምታት ጀመረ።

«ዝቅ!» አለ ባሳ።

ነቀልኩ፣ አለዋወጥኩ፣ ገጠምኩ፣ ተጫንኩ።

ዝም።

ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ነፋሱ ወደ ሸምበቆው ይገፋናል። ኢያሱ እንጨቱን ቢሰድ ታች አልደረሰም። «እህት አልማዝ!» ይላል ባሳ፤ «እህት አልማዝ!» ከዚያ ሌላ ቃል ጠፍቶታል።

«አትተኚ ማርታ፣ አውሪኝ» ትላለች ወይንሸት።

ማርታ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «እህቴ፣ ልጄን ማን ያዘው?» አለችኝ።

«አማትሽ ይዘውታል። ደህና ነው» አልኳት።

ከዚያ ማርቆስ ሲያወራ ሰማሁት። ጸሎት ነው ወይስ ትዝታ አላውቅም፤ ብቻ ድሮ መኪና ሥር ተኝቶ እንደሚያወራው፣ ምላሱ ሳይታሰር ነው የሰማሁት። «ዝም ካለች አትደንግጪ። ሪሌዋን ከመክሰስሽ በፊት እግሯን እዪ። እግሯ ንጹሕ ከሆነ ባትሪው ጋ ሂጂ፤ መያዣውን ነካ አድርጊ።»

ሪሌዋን ነቀልኩ። እግሮቿ በእጄ ጭቃ ተለቅልቀዋል። ሻሼን ፈትቼ አንድ በአንድ ጠረግኋቸው። መልሼ ሰካሁ፤ ተጫንኩ። ዝም። ወደ ባትሪው ዞርኩ። የነጌቲቩን መያዣ ስነካው ተንሸራተተ። እየተቻኮልኩ ስገጥመው አላጠበቅኩትም ነበር። በፒንሳው አዙሬ አጠበቅሁት። ተጫንኩ።

ጠቅ።

በሕይወቴ ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥብኝ የለም። ሞተሩ አንገቱን ደፍቶ ውኃ ገባ። ባሳ አስነሣው። ሸምበቆው ጎናችንን ዳሰሰንና ወደ ኋላ ቀረ።

የኛን ዳር ስንቃረብ አንድ ሰው ውኃው ውስጥ ቆሞ አየሁ። ከዘራ የለውም። ሾፌሩና አንድ ሌላ ሰው ከግራና ከቀኝ ይዘውታል። ውኃው ጉልበቱን አልፏል። ማርቆስ ነው።

ማርታን አምቡላንሱ ወስዷት ሄደ፤ ወይንሸትም አብራ ገባች። እኔም ከጀልባዋ ጭቃው ላይ ወረድኩ። ሾፌሩ ነው የነገረኝ። «ሞተሩ ማዶ ዝም ሲል ጋሼ ተነሥቶ ወደ ውኃ ገባ። አዞ አለ ብንለው አልሰማንም። እጁን እያወዛወዘ አንድ ነገር ይጮኻል፣ ይጮኻል። ምን እንደሚል አንድም ሰው አልገባውም። ያለቅሳል ብለን ነው የያዝነው።»

«ምን ነበር ያልከው?» አልኩት ማርቆስን።

ጭቃ የነካ እጄን በደህናው እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ቃሉን ፈለገ።

«ባትሪው…» አለኝ። «መያዣው።»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎቹ ስለ ማርታ ያለቀስኩ መሰላቸው። ስለ ማርታም ነበር።

አመሻሹ ላይ ወይንሸት ደወለች። እንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ደም ተሰጥቷታል፤ ልጇን አምጡልኝ እያለች ነው። ሶዶ ስንገባ የአረካው ነጋዴ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«ዕቃው አይሸጥም» አልኩት።

«ማን ሊሠራበት?» አለ ማርቆስን እያየ።

ማርቆስ ግራ እጁን አንሥቶ እኔን አመለከተ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባሳ ትክክለኛዎቹን ሪሌዎች ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሁለቱንም ቀየርኳቸው፤ በሽቦው ፋንታም ደህና ፊውዝ አስገባሁ። ኢያሱ ከመዘምራን ልብስ የተረፈ ቀይ ጨርቅ አምጥቶ ፖዘቲቩ ገመድ ላይ በገዛ እጁ አሰረ። ባትሪዋ ግን አሁንም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አልተወችም።

ጋራዣችንን ከፈትን። ማርቆስ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ መኪና ሥር እገባለሁ። ሞተር ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እጄን ወደ ኋላ ስዘረጋ በግራ እጁ መሣሪያውን መዳፌ ላይ ያኖርልኛል፤ ምን እንደምፈልግ ሳልናገር ያውቃል። መጀመሪያ ደንበኞች ሳቁብን። «ሴትዮዋ ሽቦ ትበላለች» ይሉ ነበር። በኋላ ተዉ። ብዙዎቹ የእሱን አነጋገር ለመዱት፤ እኔ ሳልኖር እንኳ ቀርበው ይጠይቁት ጀመር። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ሐኪሞቹ ያን ያህል ዕድሜ አልሰጡትም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከቤታችሁ እንዲህ የታመመ ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ እሱ ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። መልሱ ቢዘገይም ጠብቁ። መልሱ ባይገባችሁም ደግማችሁ ጠይቁ። እንዴት አደርክ ብቻ አትበሉት፤ የሚያውቀውን ጠይቁት። ገበሬ ከሆነ ስለ በሬው፣ አስተማሪ ከሆነ ስለ ትምህርቱ። የእኔ ባል የተመለሰልኝ ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ ሰምቶ ነው።

ማርታ ለለቅሶ መጥታ ነበር። ያ ሕፃን አሁን ከትከሻዋ በላይ ሆኗል። ምንም አላለችኝም፤ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛ ዋለች።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ጋራዡን ለመክፈት ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጥቶ በሩን አንኳኳ፤ ጡሩምባው እምቢ ብሎታል። ገባሁ። በርጩማው ቦታው ላይ ነው። የጡሩምባውን ሪሌ ቀየርኩ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲጫን ዓይኔ ሞልቶ ጆሮዬም የተደፈነ መሰለኝ። ሳላስበው ወደ በርጩማው ዞሬ፣

«ጠቅ አለች?» አልኩ።

ሾፌሩ ራሱን የጠየቅኩት መሰለው። ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣

«አዎ እትዬ» አለኝ፣ «ጠቅ ብላለች።»